ገመዱ ወደ ኋላ ይሂድ

ወንድም ጋሼ፤

ውሃው የተነሳው ሁላችንም ካንጋጠጥንበት በኩል አይደለም፤ ከጀርባችን ነው። ጓደኛህ ባዶውን የሳሙና ከረጢት እንደጨበጠ፣ እንግዶቹ ስልካቸውን ወደ ላይ እንደደገኑ፣ ፍል ውሃዋ፣ ያቺ አኩራፊዋ፣ አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጭጭ አለች። ከዚያ የቆምንበት ነጭ ቅርፊት እንደ ባዶ በርሜል ጓ አለ፤ ተነስታ የማታውቀዋ፣ እህትየዋ የምንላት ኩሬ ከሰው ቁመት በላይ ፈነዳች። ጥበቃው ጋሽ ፊሽካ በእሷና በእንግዶቹ መካከል ነበር የቆመው። ፊሽካውን ከአፉ ሳያወጣ ነው የጮኸው። ጩኸቱ በፊሽካው ቀዳዳ ቀጥኖ ወጣ፤ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ የጀመርኩት ስርዓት አጥቼ እንዳይመስልህ። እማዬ ብታየው «እንዴት ነህ ሳይባል ነው ወሬ የሚጀመረው?» ብላ ወረቀቱን ትነጥቀኝ ነበር። ግን ፈራሁ። ሰላምታውን አንብበህ፣ ቀሪውን «ያው የእሷ ቁጣ ነው» ብለህ አጥፈህ ኪስህ የምትከተው መሰለኝ። አሁን ግን ዋናው ነገር በአይንህ አልፏልና ሰላም ልበልህ።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ደረጃ ስትወጣ ቀስፎ የሚይዝህ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ መደገፊያ እየያዝክ ነው የምትወጣው? ባለቤትህ እንዴት ናት? ከዚያ ከቀዝቃዛው መጋዘን ስራ ወደ ሌላ ክፍል ያዛውሩኛል ያለችው ተሳካላት? ሚጢጢስ? የፊት ጥርሷ ወልቆ የላካችሁትን ፎቶ እማዬ መስታወቱ ጥግ ሰክታዋለች፤ ፀጉሯን ባበጠረች ቁጥር «ይቺ ድድ» እያለች ትስቃለች። እኛ ለሰላምታ ያህል ደህና ነን። አባዬ ጉልበቱን፣ እማዬ ሃሳቧን፣ እኔ ደግሞ ንዴቴን ታቅፈን ደህና ነን።

ባለፈው ስትደውል ጓዳ ነበርኩ። «ስጪያትና ላናግራት» ስትል ሰምቻለሁ። እማዬ ስልኩን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ያልመጣሁት ልንቅህ ፈልጌ አይደለም። «ይቅርታ ጠይቃ ስራዋ ላይ ትመለስ፤ በሰው ፊት አንገቴን አታስደፋኝ» ያልከው ቃል ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞልቶት ስለነበር ነው። እኔን «ምን ሆንሽ?» ሳትል «ይቅርታ ጠይቂ» አልክ። በስልክ ደግሞ ሁሌም አንተ ትናገራለህ፣ እኔ «እሺ» እላለሁ። ወረቀት ላይ ግን እስክጨርስ አታቋርጠኝም። ስለዚህ አሁን ተቀመጥና አንብብ።

አንተ ስትሄድ ሜዳው ክፍት ነበር። ፍል ውሃዎቹን የምታውቃቸው እንደ ሰፈር ልጅ ነው፤ የትኛዋ እንደምታቃጥል፣ የትኛዋ እግር እንደምታስገባ፣ የትኛው መሬት ሲረገጥ ባዶ ድምፅ እንደሚሰጥ። አሁን ዙሪያው ታጥሯል። በር አለ፤ ትኬት ቆራጭ፣ የእንጨት መተላለፊያ፣ መቀመጫ፣ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ አለ። መሃል ላይ ያቺው አኩራፊዋ ናት። ስታኮርፍ ቆይታ ቆይታ በአንድ ጊዜ የፈላ ውሃዋን ወደ ሰማይ የምትተፋዋ። ልጅ ሆነን «እማዬን ትመስላለች» እንል አልነበር? አሁን ሰው ከሩቅ የሚመጣው እሷን ለማየት ነው። እኔ ከተመረቅኩ በኋላ እዚያ የተቀጠርኩት እንግዳ ላስጎበኝ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የኩሬዎቹን ሙቀትና ከፍታ እየለካሁ ላሳውቅ ነው። አስቀጣሪዬ አንተ ነህ፤ አለቃዬ ጓደኛህ። ያንን ረስቼ አላውቅም፤ እሱም እንድረሳው ፈቅዶልኝ አያውቅም።

ጓደኛህ አንድ ነገር አይወድም፤ እንግዳ ሲጠብቅ ማየት። አኩራፊዋ ደግሞ ሰዓት የላትም። ስለዚህ ሌላ ቦታ አይቶት የመጣውን ዘዴ ጀመረ፤ አፏ ውስጥ የልብስ ሳሙና ዱቄት ይደፋል። ጉሮሮዋ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ከላይ ያለው ውሃ እንደ ክዳን ስለሚጫን ከታች ያለው መፍላት እያማረው ይታመቃል። ሳሙናው ያን ክዳን ያላላውና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገነፍላል። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። ሰራተኛው ሳሙናውን «ማባበያ» ይለዋል። ትኬት ቆራጯ እንደውም ባሏ ሲያኮርፍ «እቤት አንድ ከረጢት ወስጄ ልሞክርበት እንዴ?» እያለች ታስቀን ነበር። እኔም እስቅ ነበር፤ አልዋሽህም። ምድር ጤነኛ በሆነችበት ቀን ማባበያው ከሳቅ ያለፈ ጉዳት አላደረሰም።

ያን ሰሞን ግን ምድር ጤነኛ አልነበረችም። አኩራፊዋ ከልማዷ ውጭ ዝም አለች። ውሃዋ ወደ ታች ሸሸ። ከመመልከቻው ስፍራ ጀርባ ያለችው እህትየዋ ደግሞ፣ ያቺ ረጋ ብላ አረንጓዴ የምትመስለው፣ ቀን በቀን ሞቀች። ዳሯ ላይ የነበረው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ነጣ፤ ሞተ ማለት ነው። ውሃዋ እንደሚተነፍስ ሆድ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ከታች ያለው እሳት መውጫውን ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያዞረ ነው ብዬ ለጓደኛህ ነገርኩት። «እሺ፣ ተከታተይው» አለኝ። ተከታተልኩት።

እንግዶቹ የመጡ ቀን ጠዋት እኔና ጋሽ ፊሽካ ገመዱን አነሳነው። ጋሽ ፊሽካን አታውቀውም። አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ጥበቃ ነው፤ ሰው ገመድ ሲያልፍ ፊሽካ እየነፋ ስለሚያባርር ነው ስሙ። ውሻም ቢያልፍ ይነፋል። ሰው የሚቆምበትን ገመድ ከእህትየዋ አርቀን እስከ ዋናው መተላለፊያ መለስነው። ለጋሽ ፊሽካ ለምን እንደሆነ ሳስረዳው «ልጄ፣ አንቺ ተከለከለ በይ እንጂ መንፋቱ የኔ ድርሻ ነው» አለኝ።

ጓደኛህ ሲመጣ ክራቫት አስሮ ነበር። እንግዶቹ የድርጅቱ ባለቤቶች የጋበዟቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ገመዱን አየና ሳቀ፤ የንዴት ሳቁን ታውቀዋለህ። «ከዚህ ሆነው ምን ሊያዩ ነው፣ እንፋሎት? ያንቺን ፍርሃት ለማየት አይደለም የመጡት» አለኝ። እህትየዋ እንዳላማረችኝ፣ ዛሬ ማንም አጠገቧ መቆም እንደሌለበት ነገርኩት። «አላማረችኝ የሚባል ትምህርት ነው የተማርሽው?» አለኝ በእንግዶቹ ፊት። ከዚያ ጋሽ ፊሽካን ጠርቶ ገመዱን ወደ ድሮ ቦታው አስመለሰው። ጋሽ ፊሽካ አየኝ። እኔ አየሁት። መለሰው።

ሳሙናውን እንድደፋ አዘዘኝ። አልደፋም አልኩ። እንዲህ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም በሚሰማበት። ከእጄ ነጥቆኝ ራሱ ደፋው። አኩራፊዋ ዝም አለች። ሹፌሩን ልኮ ሌላ ከረጢት አስመጣ፤ እሱንም ደፋው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከላይ አንብበሃል።

እንግዶቹ በዕድል ተረፉ። ጥቂቶቹ ፍንጣሪ ነካቸው፤ አንዲቷ ስትሮጥ ወድቃ እጇ ተጋጋጠ። ጋሽ ፊሽካ ግን ከጉልበቱ በታች ሁለቱም እግሮቹ ተቀቀሉ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ተቀቀሉ። ቦት ጫማው ውስጥ ውሃው ገብቶ ቀረ፤ ጫማውን ያወለቅኩለት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍልህም። አንተ የፈላ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ከኔ ይበልጥ ታውቃለህ።

አዎ፣ ስለ ባትህ ጠባሳ ነው የማወራው። ልጅ ሳለህ ኩሬ ውስጥ ስትንሸራተት በክንድህ ይዞ የጎተተህ ጓደኛህ መሆኑን ይህ ቤት ረስቶ አያውቅም። እማዬ ሁሌም ስትመርቀው ነው የኖረችው። እኔም ስመርቀው ነው ያደግኩት። ያኔ አንተን ያወጣው እጅና ያን ቀን ከረጢቱን የነጠቀኝ እጅ የአንድ ሰው እጅ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ውለታ ለመክፈል ሌላውን አላየሁም እንድል ግን አትጠይቀኝ።

ለመሆኑ ላንተ ምን ብሎ ነገረህ? ለሰራተኛው የነገረውን አውቃለሁ። ማታውኑ ወሬው ከበሩ እስከ መሸጫው ደርሶ ነበር። «አስጎብኚዋ ለእንግዶቹ ጉራ ልትነዛ ብላ ሳሙናውን ከልክ በላይ ደፋችው።» እኔ! ወንድም ጋሼ፣ ሰው ያላደረገውን ሲባል ጆሮው ይግላል ይሉ ነበር፤ የኔ ግን ቀዘቀዘ። ቢሮው ስገባ ተቀመጪ አላለኝም። በዝግታ፣ እንደ ታላቅ ወንድም ሆኖ ነው የመከረኝ። ሰው ሁሉ ይሳሳታል አለኝ። ሰራተኛው በተሰበሰበበት ተነስቼ «ቸኩዬ ነው፣ እኔ ነኝ የደፋሁት፣ ይቅርታ» ካልኩ ነገሩ እዚያው ይዘጋል፤ ስራዬም እንዳለ ነው። «ለወንድምሽ ስል ነው» ሲለኝ አይኑን ከመስኮቱ አላነሳም። ገመዱስ? አልኩት። «ገመዱ ምን ሆነ?» አለኝ። «ያጠፋው ሰው ነው፤ ያጠፋችው ደግሞ ትታረማለች። ቦታው ምንም የለበትም።»

ያኔ ነው የገባኝ። ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ ላንተም ለእማዬም ስል ልውጠው እችል ይሆናል። ግን ጥፋቱ የኔ ነው ካልኩ ምድሪቱ ነጻ ወጣች ማለት ነው። ገመዱ ባለበት ይቆያል። ነገ የሚመጣው እንግዳ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ እዚያው እህትየዋ ጎን ይቆማል። እኔ «ይቅርታ» ባልኩበት አፍ «እዚህ ጋ አትቁሙ» ብል ማን ይሰማኛል?

ሳሙናው ነው እህትየዋን ያስነሳት ብዬ መማል አልችልም። ከመሬት በታች ያለውን ማንም ገብቶ አላየውም፤ ሳይደፋም ትነሳ ይሆናል። ስለ ምን እንደምምል ግን አውቃለሁ፤ ስለ ገመዱ። ገመዱ እኔ ያሰርኩበት ቦታ ቢሆን ጋሽ ፊሽካ ዛሬ በእግሩ ይሄድ ነበር።

ሊጠይቀው የሄድኩ ቀን ነገሩ ይበልጥ ከበደኝ። አልጋው መስኮት ስር ነው፤ እግሮቹ በፋሻ ተጠቅልለው ትራስ ላይ ተሰቅለዋል። ሚስቱ ብርቱካን እየላጠች ነበር፤ ስገባ ተነስታ ወንበሯን ሰጠችኝና ኮሪደሩ ላይ ወጣች። መውጣቷን ሳይ ነገር እንዳለ ገባኝ። ጋሽ ፊሽካ መጀመሪያ ቀለደ፤ «አሁን እኔን ማን ይንፋብኝ፣ ገመድ ማለፍ እንኳ አልችል» አለ። ከዚያ ቀልዱ አለቀበት። ጓደኛህ መጥቶ እንደነበር፣ ሲድን በር ላይ የመቀመጫ ስራ እንደሚሰጠው ቃል እንደገባለት ነገረኝ። «ልጄ፣ አንቺ ዲግሪ አለሽ። እኔ ያለኝ ፊሽካ ነው። አንቺ ሌላ ቦታ ታገኛለሽ። እሺ በይውና እንደር» አለኝ። ማን ነው የደፋው ጋሽ ፊሽካ? ብዬ ጠየቅኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እሱ ነው፤ ግን አላልኩም» አለኝ።

ምን ልበለው? ጓደኛህን መቆጣት ቀላል ነው፤ ቁጣ አያጥረኝም። ጋሽ ፊሽካን ግን በምን ልቆጣው? ወደ ቤት ስመለስ በቃ ልበለው፣ ልናገረውና ይለፍ፣ ብዬ ወስኜ ነበር። ይሄን አንተም እወቀው፤ እጄን ልሰጥ ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ያላስቻለኝ የአባዬ ኩሬ ነው። ከቤታችን ጀርባ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለችውን ገራሟን ታስታውሳታለህ። ሁላችንም ዳዴ ስንል እግራችንን የነከርንባት። አባዬ አሁንም ጠዋት ጠዋት ራዲዮኑን ይዞ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥና ጉልበቱን ያሞቃል። ከአደጋው በኋላ አኩራፊዋ አንድም ቀን አልተነሳችም። እህትየዋም ተፍታ ተፍታ ባዶዋን ቀርታለች፤ ግርጌዋ የደረቀ ጉድጓድ ሆኖ ይታያል። ታዲያ ያ ሁሉ ሙቀት ወዴት ሄደ? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የምተኛው፣ ይህንኑ ይዤ ነው የምነሳው። ስራ ላይ ባልሆንም መለኪያዬን ይዤ ጠዋት ጠዋት እዞራለሁ። አንድ ቀን አባዬ ጋ ስደርስ እግሩ ቀልቷል። «ዛሬ ደግሞ እንዴት ተመችታኛለች! ጉልበቴ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆነ» አለኝ። መለኪያዬን ነከርኩ። ሞቃለች፤ ከወትሮዋ በጣም ሞቃለች። መሃሏ ላይ ድሮ ያልነበረ የአረፋ መስመር፣ ልክ ከታች የሆነ ሰው እንደሚተነፍስ፣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ዳሯ መንጣት ጀምሯል።

አባዬ፣ ከዚህ ተነስ፣ አልኩት። «ኩሬዋ ናት የሞቀችው ወይስ አንቺ?» ብሎ ሳቀብኝ። ለመንኩት። ጮህኩበት። «እኔና ይቺ ኩሬ አብረን ስንኖር አንቺ አልተወለድሽም። ዩኒቨርሲቲ ልኬ ያስተማርኩሽ እግሬን እንድትከለክይኝ ነው?» አለና የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገው። ከጎኑ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በንዴት ነው እንጂ በሌላ አይደለም። በማግስቱም ሄደ። በማግስቱም። ማብሰያ ድስት ላይ እግሩን ሰቅሎ የሚያንጎላጅ ሰው በየቀኑ ማየት ምን እንደሚያደርግ ልነግርህ አልችልም። ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ የራዲዮኑ ድምፅ ሲቋረጥ ነው፤ በህልሜም በውኔም።

እማዬ ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም ብላ ነበር። ዝምታዋን ታውቀዋለህ። ካንተ ጋር በስልክ ስታወራም «እሺ፣ እነግራታለሁ» ከማለት በቀር ያለችው የለም። እኔም ከእናንተ ወገን ቆማለች ብዬ አኩርፌያት ነበር፤ ሁለት አኩራፊ በአንድ ቤት፣ አባዬ በመሃል ሳሙና ፈልጉልኝ እያለ።

ትናንት ጠዋት ስነሳ እርጥቡ ልብስ በቅርጫት እንዳለ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ልብስ ማስጫው ገመድ የለም። ዞር ስል ከጀርባ አየሁት። ወደ ገራሟ በሚወስደው መንገድ ላይ ከውሃ ታንከሩ እግር እስከ አጥሩ ምሰሶ ተወጥሯል፤ መሃሉ ላይ የእማዬ ቀይ ሻሽ ተንጠልጥሏል። እሷ ከስሩ ወገቧን ይዛ ቆማለች፤ አባዬ ከነራዲዮኑ ከገመዱ ወዲህ። «ይህን ገመድ ያለፈ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ምሳውን ራሱ ያብስል፣ ልብሱንም ራሱ ይጠብ» አለችው። አባዬ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ሻሹን አየ። «ሁለት ሆናችሁ መጣችሁብኝ?» አለና ተመለሰ። አሁን እግሩን የሚያሞቀው ደጃፍ ላይ በሳፋ ነው። ለሚያልፍ ለሚያገድም ሁሉ «ተመልከቱ፣ እንደ ቆሸሸ ልብስ ዘፈዘፈችኝ» እያለ ያሳብቃል።

እማዬ ልብሱን በወንበርና በበር ላይ ስትዘረጋ እያገዝኳት ነበር። ቀና ሳትል ነው የተናገረችኝ። «ገመዱን ያሰርኩት መለኪያሽን አንብቤ አይደለም፤ እኔ ምኑንም አላውቅም። አንቺን አምኜ ነው። ስብሰባው ላይ ሄደሽ የደፋሁት እኔ ነኝ ካልሽ፣ ይህን ገመድ ምን ብዬ ላቆየው? አባትሽስ ምን ብሎ ይቀመጥልኛል?» አለችኝ።  የትራስ ልብሱን አራግፋ ሰጠችኝ።

ስብሰባው ነገ ጠዋት ነው፤ ሰራተኞች ሻይ የምንጠጣበት አዳራሽ። ከሰዓት በኋላ በሩ ለእንግዳ እንደገና ይከፈታል። ገመዱ አሁንም እህትየዋ ጎን እንደሆነ ትኬት ቆራጯ አይታ ነግራኛለች። ነገ እሄዳለሁ። ቆሜ ማን እንደደፋው፣ ማን ገመዱን እንዳስመለሰው እናገራለሁ፤ ገራሟም እየሞቀች መሆኑን እናገራለሁ። ጋሽ ፊሽካን ምስክር አልጠራውም፤ እሱ የሚጠበቅበትን በእግሩ ከፍሏል። ሌላው አፉን ቢይዝም ብቻዬን እናገራለሁ። ከዚያ ወጥቼ የእማዬን ዓይነት ገመድ ይዤ ያን ቀን ጠዋት ባሰርነው ቦታ፣ መተላለፊያው ጋ እወጥራለሁ፤ እየጎተቱ ያስወጡኝ።

እፈራለሁ፣ ወንድም ጋሼ።  ስራዬን እንደማጣ አውቃለሁ፤ በዚህ ሰፈር ሌላ ስራ እንደሌለም አውቃለሁ። ተናግሬም ማንም ላይሰማኝ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ የምፈራው ግን አንተን ነው። ይህን አንብበህ መጀመሪያ የምትደውለው ለማን ይሆን? ለእሱ ወይስ ለእኔ? ከመደወልህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። ሱሪህን ሰብስብና ባትህን እይ። ያኔ እሱ ባይደርስልህ ምን ትሆን እንደነበር ለዓመታት ስታስብ ኖረሃል። አሁን ደግሞ ያኔ አንድ ሰው ገመድ አስሮ ቢሆን ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር አስብ።

ለባለቤትህ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ የላከችልኝን ሹራብ ጠዋት ጠዋት ለልኬት ስወጣ እለብሰዋለሁ፣ የእንፋሎቱ ሽታ ቢይዘውም። ሚጢጢን ድዷን ሳምልኝ፤ አክስትሽ ተቆጪ ናት ብለህ እንዳታስፈራራብኝ። እማዬ «ወገብህን በሙቅ ፎጣ ያዝ፣ ቀዝቃዛ ላይ አትቀመጥ» ብላሃለች፤ ከዚያም «ለልጅቷ መልስ ጻፍላት» ብላሃለች፤ ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ ነው ያለችው። አባዬ ከሳፋው ሆኖ ሰላም ይልሃል፤ ሴቶች እንደገዙት አደራ ለማንም እንዳትናገር ብሏል። ትኬት ቆራጯ አታውቅህም ግን ሰላም በይልኝ ብላለች።

እኔ ደግሞ የምለው ይህን ነው። ያልደፋሁትን ደፋሁ አልልም። በስምህ የሚመጣ ምክርን፣ ምክሩ ሰው የሚያስቀቅል ከሆነ፣ አልቀበልም። የተቃጠለ ሰው ዝምታ በወንበር ሲገዛ አይቼ እንዳላየሁ አላልፍም። «አላማረኝም» ያልኩት ነገር ሰው እስኪጎዳ ድረስ የሴት ፍርሃት ተብሎ እንዲጠራ ከእንግዲህ አልፈቅድም። አንተንም፣ የምወድህ ወንድሜን፣ የሌላውን ቃል ሰምተህ፣ የኔን ሳትሰማ፣ ፍርድ ይዘህ እንድትደውልልኝ ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልህም።

እህትህ

ከፍል ውሃው ሰፈር፣ ከእማዬ ገመድ ወዲህ
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የስብሰባው ዋዜማ